የመተላለፊያ መብት

ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ ቤቱን እኩል ነው የከፈለው። የመንገዱን በኩል ለአናጢው፣ የውስጠኛውን ግማሽ ለጸጉር ሠሪዋ። ችግሩ በሩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በሦስቱም በኩል የሰው ግድግዳ ስለሆነ ሌላ በር ማውጣት አይቻልም። ዳኛው «የመተላለፊያ መብቷ የተጠበቀ ነው» ብለው መዝገቡን ዘጉ፤ እሷንም አብረው ዘጉ።

መሃል ላይ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ የመታው ራሱ አናጢው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ስትወጣ በእሱ፣ በቀድሞ ባሏ፣ አልጋ አጠገብ ታልፋለች፤ ስትመለስም እንዲሁ። ኮቴዋን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «እለፊ» ይላል። ከዚያ ሌላ ቃል የለም። ስታስል ይሰማታል፤ ሲገላበጥ ትሰማዋለች።

የተዋወቁት የጸጉር ቤቱን መስታወት ሊጠግን የመጣ ጊዜ ነው። የግማሽ ቀኑን ሥራ ሦስት ቀን ሲያስረዝመው ደንበኞቿ የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆነው ይስቁበት ነበር። ተጋቡ፤ ተዋደው ኖሩም። በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን እናቱ ምሳ ላይ «መካን አግብቶ ቤቱ ኦና ቀረ» አሉ። ባሏን አየችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ መብላቱን ቀጠለ። ያቺ ዝምታ ናት ያፋታቻቸው። እሱ እስክትረጋጋ ጠበቀ፤ እሷ ይቅርታውን ጠበቀች። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ዓመት ሳይሞላ ዳኛ ፊት ቆመው ሁለቱም «ተስማምተናል» አሉ።

አሁን የይግባኙ ጊዜ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል። ጠበቃዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሴትዮ ናቸው። ቤቱ ተሽጦ ድርሻዋን ይዛ እንድትገላገል መጠየቅ እንደሚቻል፣ ለዚህ ግን በእሱ በኩል ማለፉ የማይቻል መሆኑን ማሳየት እንደሚያስፈልግ አስረዷት።

«ስታልፊ ይሰድብሻል?»

«አይ።»

«መንገድ ይዘጋብሻል?»

«ፊቱን ያዞራል።»

«በንቀት?»

በንቀት እንዳልሆነ ታውቃለች። እንዳታፍር ነው። እንዳያደናቅፋት እግሩን አጥፎ ነው የሚተኛው፤ ያንን ቁመት ይዞ።

«የኔ ልጅ፣ ያልሆነውን አልጽፍም። ሆነ ካልሽኝ ግን እጽፋለሁ» አሉ ጠበቃዋ እስክሪብቶውን አንስተው።

አንድ ቃል ነበር የቀራት። «ያስቸግረኛል» ብትል የራሷ በር ይኖራታል፤ ትተነፍሳለች። አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቤቱን ትተን በፍቺው ላይ ይግባኝ ማለት ይቻላል?»

ጠበቃዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና አዩዋት። «ወዶ ለተፋታ ሰው እኔ ዘንድ ይግባኝ የለም። እሱ የሚቀርበው እቤት ነው።»

ወደ ቤት የሄደችው የይግባኙን ማኅደር ይዛ፣ እግሯን እየጎተተች ነው። ይግባኙ ቀረ ማለት ዕድሜ ልኳን በዚያ አልጋ አጠገብ ማለፍ ነው። ቢያባርራትስ? ዝም ቢላትስ? ዝም ቢላት ይብሳል።

አናጢው ጋደም ብሎ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እለፊ።»

«ዛሬ አላልፍም።»

አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ይግባኙን ትቼዋለሁ» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን እናትህ ሲሰድቡኝ ለምን ዝም አልክ?»

«እናቴ ናት ብዬ» አለ ለግድግዳው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተገላበጠ። ከሁለት ወር በኋላ ፊቱን አየችው፤ ከስቷል። «ማታውኑ ሄጄ ተጣላኋት። ደጇን ከረገጥኩ ዓመት አለፈኝ።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ... ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ልትስቅ ነው ልታለቅስ ለራሷም አልገባትም። የይግባኙን ማኅደር ወለሉ ላይ ጣለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ፈቀቅ በል» አለችው።