አልረጋ ያለው የሴትዮዋ እግር

ወዳጄ፣ አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ቤት ውስጥ ዕቃ በወደቀ ቁጥር ጋኔን ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ጋኔንን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቀንድና ጅራት እየቀጠልሁ ስሥል የኖርሁ ሰው ነኝ፣ የገዛ እጄን ሥራ የምፈራበት ምክንያት አልነበረኝም። ይህን የማወራልህም እንድታምነኝ ብዬ ሳይሆን፣ ዛሬም ድረስ ስለሚያናድደኝ ነው።

ጊዜው ጣሊያን ጎንደርን የያዘበት ነው። ሥዕል የሚያሠራ ደብር ጠፍቶ፣ አራዳ አጠገብ ካለችው ቤቴ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ሳለ አያ ተገኘ መጡ። አያ ተገኘ የአይከል ሰው ናቸው፣ ምጽዋ ሲኖሩ ጣሊያንኛ ለምደው ለጣሊያኑ የመንገድ መሐንዲስ ያስተረጉሙ ነበር። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ተሸክመዋል፣ ቢገለጥ ሥዕል ሆነ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቃቅፈው የሚጨፍሩበት። ከአስመራ ሲመጣ ሊማሊሞ ላይ ከማኪናው ወድቆ ሸራው ከታች ተቀዷል፣ የሴትዮዋ ቀኝ እግር ከነጫማው የለም። መሐንዲሱ እስከ ቅዳሜ ጠግንልኝ ብሏል፣ ከጠገንሁለት የባለቤቴን ወንድም ደምሴን ያስፈታልኛል።

ደምሴ ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ተብሎ ዳባት ላይ ተይዞ፣ ጎንደር ከታሰረ ብዙ ወር ሆኖታል። አብረውት ከታሰሩት ሁለቱ በዚያው ሰሞን ተወስደው አልተመለሱም። ባለቤቴ ጥሩነሽ እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ ብሎ አጥንቷ ቀርቶ ነበርና፣ እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሥዕሉን ግን፣ እመነኝ፣ ገና ሳየው ጠላሁት። በቅርብ ስታየው ሰው የለበትም፣ ቀለም ብቻ ተጠፍጥፎበታል፣ መስመር የለ፣ ዳር የለ፣ ሰማያዊው ከቢጫው እንደፈለገ ይደባለቃል፤ ራቅ ስትል ደግሞ፣ ይባስ ብሎ፣ ቀሚሷ ይዞራል። እኛ አስቀድመን ዳሩን በጥቁር ለይተን ነው ቀለም የምንሞላው። ይህን ሰውዬ ማን አስተማረው ብዬ ብጠይቅ አያ ተገኘ የሰሙትን ነገሩኝ። ሠዓሊው የፈረንሳይ አገር ድሃ ነበር፣ ሰዎች ዛፍ ሥር ከሚጨፍሩበት ቦታ ቆሞ ነው በችኮላ የሣለው፣ ሕዝቡ ስቆበት ዓመታት ጓዳ ከከረመ በኋላ የመሐንዲሱ አያት ወሰደው፣ ከዚያ ለመሐንዲሱ እናት፣ ከእናቱ ለእሱ ደረሰ። ጨፋሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ግን የሚያውቅ የለም።

ጥሩነሽ ደግሞ በበኩሏ ነዘነዘችኝ። በጠራራ ፀሐይ ወገብ ለወገብ ተያይዘው፣ አያፍሩም ወይ ትላለች። ወንድየው ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ጎን ስለዞረ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፣ በእኛ አሣሣል አንድ ዓይን የሚሰጠው ለክፉ ሰው ነው፣ ይህንንም ከእኔው ሰምታ ታውቃለች። ሥራ ስፈታ ነጠላዋን ታለብሳቸው ነበር።

ሰኞ ቀዳዳውን ከኋላ በጨርቅና በሙጫ ደፈንሁ። ማክሰኞ መሐንዲሱ በላከው በዘይት በተለወሰ ቀለም እግሯን ሣልሁ፣ ነጭ ጫማ፣ ጫፉ ወደ ግራ የዞረ፣ ዳሩ በጥቁር የተለየ። ረቡዕ ጧት ነጠላውን ብገልጥ ጫማው ወደ ቀኝ ዞሯል።

አልደነገጥሁም፣ ተናደድሁ እንጂ። ይህ የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ ነጠላሽ ጎትቶት ነው ብዬ ጥሩነሽ ላይ ጮኽሁ፤ እሷ ነጠላዋን ዘርግታ አሳየችኝ፣ ጠብታ ቀለም የለበትም። በቢላዋ ፍቄ እንደገና ወደ ግራ ሣልሁት። ሐሙስ ከቅዳሴ ስመለስ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቷል፣ ጣቶቿ ብቻ ናቸው የሚረግጡት፣ የእኔ ጥቁር መስመርም የለም፤ እንደዚያ ፈረንሳይ ጥፍጥፍ ተደርጎ ተሥሏል። ከሁሉ ያናደደኝ፣ ወዳጄ፣ ከእኔ የተሻለ ሸጋ መሆኑ ነው።

ሰው ገብቶ ነው አልሁ። ዓርብ ሦስተኛ ጊዜ ሣልሁና በሩን ቆልፌ ቁልፉን በእጄ ይዤ፣ ከጥሩነሽ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ነሐሴ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ወረደና ድንገት አቆመ። ያን ጊዜ ከውስጥ ሰማነው። ሸርተት፣ ሸርተት፣ ጠብ። ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ ሸርተት፣ ሸርተት፣ ጠብ። አይጥ ነው እንዳልል፣ አይጥ ጫማ አያደርግም። ደግሞስ የቤታችን ወለል በእበት የተለቀለቀ ነው፣ ማንም ቢረግጠው እንዲህ አይጮኽም፤ እኛ የሰማነው የሳንቃ ወለል ድምፅ ነው።

ጥሩነሽ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንተ ሰው፣ ክፈት።»

ምን አግኝቼ ነው የምከፍተው አልኋት። ቁልፉን ከእጄ ነጥቃ ከፈተችው።

ማንም የለም። ጥሩነሽ ያለበሰቻቸው ነጠላ ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የሴትዮዋ እግር ወደ ኋላ ሄዷል፣ ዙሩን ገና አሁን የጨረሰች ይመስል፣ ቀለሙም እርጥብ ነው። እኔ ቢላዋዬን ፍለጋ ስዞር ጥሩነሽ ከሥዕሉ ፊት ቆመች፣ ያን ሁሉ ቀን ስትሰድባት ለነበረችው ሴት፣ ሰው እንደምታናግር ሆና ተናገረች።

«እህቴ፣ ወንድም ካለሽ ይገባሻል። እስከ ነገ ብቻ ቁሚልን።»

ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። እግሩም አልተንቀሳቀሰም።

ቅዳሜ ሥዕሉን አሸክሜ፣ የማመካኘውን ሁሉ በልቤ እየደረደርሁ መሐንዲሱ ዘንድ ሄድሁ። እግሩን ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ከቦርሳው ሁለት አሮጌ ፎቶግራፎች አወጣ፣ ሁለቱም ላይ ያው ሥዕል እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በአንዱ ጫማው ወደ ግራ፣ በሌላው ወደ ቀኝ ነው።

«የትኛውን ነው የሣልኸው ይልሃል» አሉ አያ ተገኘ።

«አንዱንም» አልሁ።

መሐንዲሱ አልሳቀም። ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገረውን አያ ተገኘ እያቅማሙ ተረጎሙልኝ። እናቱ ሦስት ሠዓሊ አስጠርታ ያን እግር አሠርታለች፣ አንዱም አላቆመውም፤ ቅዱሳንን የሚሥል እጅ ቢያቆመው ብሎ ነው ወደ እኔ የላከው። ታዲያ መጀመሪያውኑ አይነግረኝም ነበር ወይ አልሁ፣ እየጮኽሁ። ይህን አያ ተገኘ አልተረጎሙለትም።

ደምሴ ሰኞ ተፈታ። ጥሩነሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ እኔም ንዴቴን ለጥቂት ቀን ረሳሁት። ጣሊያን ሲሸነፍ መሐንዲሱ ተማርኮ ሄደ፣ ቤቱም ተቃጠለ፣ ሥዕሉ የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ፣ ግን እግር መሣል እምቢ አለኝ። የቅዱሳኑን ልብስ እስከ መሬት አወርደዋለሁ። የጠዳ ደብር ቄስ፣ ምነው እነዚህ ጻድቃን እግር የላቸውም ብለው ቢቆጡኝ፣ እንዲህ ነው የሚያምረው ብዬ አለፍሁ። ዘንድሮ ግን ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ሣል ተባልሁ፣ ያለ እርካብ አይጋለብ፣ ያለ እግር እርካብ አይረገጥ፣ ሣልሁት።

ይኸው አሁን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሌላው ሰው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሲገባ እኔ የጊዮርጊስን እግር ለማየት እገባለሁ። ጥሩነሽ ስመለስ እንዴት ነው ትለኛለች። እንደነበረ ነው እላታለሁ። ችግሩ፣ ወዳጄ፣ መጀመሪያ ጣቱን ወደየት አዙሬ እንደሣልሁት እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።