ከሲኖው በስተቀኝ

ኻሊፍ የሞተው በገዛ መኪናው ነው። አርብ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተቀብሮ።

ሲኖ ትራኩ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ባለችው የማህበር መንገድ ወደ ኻሊፍ ጅምር ፎቅ እየገባ ነበር። ድንገት የቀኝ ጎማዎቹን መሬት ከዳቸው። መኪናው ወደ ቀኝ ተጋደመና በጎኑ ይሄድ የነበረውን ኻሊፍን ከአጥር ጋር አጣብቆ ጭነቱን ደፋበት። ሾፌሩ መሃድ ጭረት ሳይነካው በመስኮት ወጣ።

ኢንስፔክተር ናስቲሆ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። ከኮብል ድንጋዩ ሥር የጎርፍ ቦይ ያልፋል። የቦዩ የኮንክሪት ክዳኖች የሉም። በምትካቸው ስስ ጣውላ ተረብርቦ በላዩ ኮብል ተነጥፎበታል። ባጃጅ ያልፍበታል። አሸዋ የጫነ ሲኖ ግን አያልፍበትም።

"ይሄ አደጋ አይደለም" አለች።

ክዳኖቹን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። አብሺር ጓሮ ተደርድረዋል።

አብሺር የመንገዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። መንገዱን ያነጠፉት አሥራ ስድስት አባወራዎች ናቸው፤ ከኪሳቸው አዋጥተው፣ አፉ ላይም ሰንሰለት ዘርግተው። ቁልፉ አብሺር ኪስ ነው። ኻሊፍ "የጥገናውን ወጪ እኔ እችላለሁ" ሲለው ለሲኖ ከፈተለት። መንገዱ ሲቦረቦር ግን ኻሊፍ ቃሉን በላ። ባለፈው ሳምንት አብሺር በሰው ፊት "ይሄ መንገድ አንድ ቀን ይበላሃል" ብሎት ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና በካቴና ወደ ጣቢያ ወሰዱት።

የኻሊፍ ወንድሞች በአብሺር ደጃፍ ቆመዋል። ቀብሩ ለአሥር ሰዓት ተቆርጧል። ከቀብር መልስ የአብሺርን የበኩር ልጅ እንፈልጋለን ብለዋል። የሚሉትን የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። ናስቲሆ ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ሊሆን ነው።

"ክዳኖቹ ጓሮህ ምን ይሠራሉ?"

"ወላሂ አላውቅም። የጓሮ በሬ ተቆልፎ አያውቅም።"

"ቦዩ ላይ ያለውን ኮብል መቼ አስጠገንከው?"

"በምኑ አቦ? ከሦስት ወር ወዲህ አንድ ድንጋይ አላስጠገንኩም።"

ናስቲሆ ብዕሯን አስቀመጠች። መንገዱ በሙሉ ድንጋዩ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃንቋል። በጉድጓዱ ዳር የተረፈው ኮብል ግን ግጥም ብሏል። ክፍተቱ በአሸዋ ተሞልቶ በመጥረጊያ ተስተካክሏል። ለወጥመድ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል? ድንጋይ ጣል ጣል አድርጎ መሄድ ይበቃ ነበር።

"በሰፈራችሁ እንዲህ አሳምሮ የሚያነጥፍ ማነው?"

"ፈሃድ። ግን እሱ አያደርገውም። ኻሊፍ ሲኖውን ራሱ ወደ ኋላ ሲነዳ የፈሃድን ልጅ ሙኒያን እግሯን አሳጣት። ያኔ እንኳ ፈሃድ ሽማግሌ ፊት ካሳ አልፈልግም ያለ ሰው ነው።"

"ምንም አልጠየቀም?"

"አንድ ነገር ብቻ፣ ለሌሎቹ ልጆች ሲል። ሲኖው በገባ ቁጥር ኻሊፍ ራሱ በስተቀኝ፣ በመኪናውና በቤቶቹ በሮች መሃል በእግሩ እየሄደ ይጠብቅ አለ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ።"

ናስቲሆ አላለቀሰችም። ቦዩ በየትኛው በኩል እንደሚያልፍ አይታለች።

ፈሃድን አስመጣችው። አብሺር አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

"ሲኖው መጨረሻ በሰላም ያለፈው ረቡዕ ጠዋት ነው። የዚያን ቀን ስምንት ሰዓት፣ ሰፈሩ ጭር ሲል የት ነበርክ?"

"ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በርጫ ላይ ጫት ሲቅም ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።" ሊክድ አልሞከረም።

"ለምን አሳምረህ አነጠፍከው? በሱ ነው ያገኘሁህ።"

እጆቹን አየ። "አሥራ አምስት ዓመት ያነጠፍኩበት እጅ ነው። አበላሽ ብለው እምቢ አለኝ።"

"መሃድ ቢሞትስ?"

"ሲኖ በቀኝ ሲወድቅ ሾፌር ከላይ ነው። ልጄን ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰው መሃድ ነው። ያ ሰውዬ ግን እሷ ስትጮህ ወርዶ መጀመሪያ ያየው ጎማውን ነው። እግሯን በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ፣ እሱንም አይቻለሁ። አልጸጸትም።"

ናስቲሆ ስልኳን አንስታ አብሺር ደጃፍ ለሚጠብቀው ፖሊስ ደወለች። በሱ ስልክ ለኻሊፍ ወንድሞች ገዳዩ ሌላ ሰው መሆኑንና መያዙን ነገረቻቸው። መሄዳቸውን ፖሊሱ እስኪያረጋግጥላት ድረስ ስልኩን አልዘጋችም። ከዚያ ወደ ፈሃድ ዞረች።

"ክዳኖቹን አብሺር ጓሮ ያስገባሃቸው አንተ ነህ። ልጁ ሊገደልበት ነበር። እሱስ ምን አደረገህ?"

ፈሃድ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሺርን ቀና ብሎ አየው።

"ድንጋይ የተሰበረ ቀን ኮሚቴ ሰበሰበ። የልጄ እግር የተቆረጠ ቀን ግን ማንንም አልሰበሰበም። በማግስቱ ጠዋት ሰንሰለቱን ለሲኖው ከፈተለት።"

ናስቲሆ የአብሺርን ካቴና ፈታች።

"ተነስ፣ ወደ ቤትህ ሂድ" አለችው።

አብሺር ከአግዳሚው አልተነሳም።