የሸማኔ የቃሬዛ ተራ

«ትከሻ ቀይሩ!»

የታመሙ አሮጊት የተኙበት ቃሬዛ ሳይቆም አራት ሰው ወጣ፣ አራት ሰው ገባ። ሸማኔ ከፊት በግራ በኩል ገባ። የካሊድ መጋዘን ጠባቂ ኸሚስ እንጨቱን ሲያቀብለው፣ ጥፍር የምታክል የመረጃ ካርድ መዳፉ ውስጥ ጣል አደረገለት።

ርክክቡ አለቀ።

«ሸማኔ» የሚስጥር ስሙ ነው። የሐይቅ ከተማ ሰዎች የሚያውቁት ሐሰን ብለው ነው፤ ከሳዑዲ ተመልሶ ዓሣ የሚነግድ ግዙፍ ሰው። ስምንት ወር ያደባው ለዚች ካርድ ነው። ነጋዴው ካሊድ በቀዶ ጥገና ዳሌ ውስጥ የሚገባ ብረት በአንድ ቀጭን ልክ ብቻ በርካሽ እያስመጣ፣ ለከሲታውም ለወፍራሙም ሲሸጥ ኖሯል። ካርዷ ላይ ብረቱ የገባላቸው የአርባ አንድ ሰዎች ስም አለ። ካልተነገራቸው አንድ ቀን እግራቸው ይከዳቸዋል።

ከአርባ አንዱ አንዱ ራሱ ሸማኔ ነው።

ሐኪሙ አስጠንቅቆት ነበር። «ይህ ሁለተኛ ቀዶ ጥገናህ ነው። ብረቱን የታችኛው አጥንት ጨብጦታል፤ የላይኛው ግን ሳስቷል፣ አይደግፈውም። በተራመድክ ቁጥር መሀሉ ላይ ይታጠፋል። አንተ ደግሞ ከባድ ነህ። ሸክም እንዳትነካ!»

ግን የቅሬ፣ የመንደሩ እድር፣ ተራ ነው። እስላምም ሆነ ክርስቲያን፣ የቅሬ አባል የታመመ ጎረቤት የመሸከም ተራውን አይዘልም። የዘለለ ይጠየቃል። የተጠየቀ ሰላይ ደግሞ አለቀለት። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ቃሬዛ ግን የሚፈልገው አራት ትከሻ ነው።

ኸሚስ ተጠጋው።

«አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

«ምን አደረግህ?»

«ስላንተ ለካሊድ ነገርኩት። በልጄ አስፈራሩኝ። አስፋልቱ ላይ ሁለት ሰው እየጠበቀህ ነው።»

መሸሽ ነበረበት። ግን ትከሻው ላይ አሮጊቷ አሚናት ያቃስታሉ፤ በስተግራ ገደል ነው። ቢለቅ ቃሬዛው ይዟቸው ገደል ይገባል።

አንድ እርምጃ። ሁለት።

ቀጭ!

ከዳሌው እስከ ጭኑ የገባው ብረት ተሰበረ። ሸማኔ ወደቀ፤ እንጨቱን ኸሚስ ቀለበው። ለመነሳት ሞከረ። እግሩ አልታዘዘውም። በሕይወቱ እንዲህ አቅም አጥቶ አያውቅም፤ አለቀሰ።

«አብሽር ሐሰን!» አሉ የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙዓዝ። «እንጨት ቁረጡ! ጋቢ አምጡ!»

ሁለተኛ ቃሬዛ ተሠራ። አስፋልቱ ላይ ሁለት ጎረምሶች ቆመው ነበር። ስልሳ ሰው ያጀበውን ቃሬዛ ማን ደፍሮ ይፈትሻል? መንገድ ለቀቁ። ኸሚስ በሸማኔ እግር በኩል ተሸክሞ፣ እንባውን መጥረጊያ እጅ አጥቶ ያልፍ ነበር።

ደሴ፣ ሆስፒታል። አስታማሚ መስላ አልጋው አጠገብ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባው ራዚያ ናት። ካርዷን ተቀበለችው።

«ለአርባዎቹ ዛሬውኑ ይደወልላቸዋል» አለችው በሹክሹክታ። «አንተ ግን ተነቅቶብሃል። ከእንግዲህ ሐሰን የሚባል ሰው የለም። አሁኑኑ እናዛውርሃለን።»

«እግሬስ?»

«የቀረው አጥንት ሌላ ብረት መያዝ መቻሉን ሐኪሙ ይጠራጠራል።»

ከመጋረጃው ማዶ የሚያውቀው ድምፅ ተሰማ። ሼህ ሙዓዝ ቅሬውን አስከትለው ሊጠይቁት መጥተዋል።

«ሐሰን የሚባል ልጃችን የት ነው የተኛው?»

«እንዲህ የሚባል ታካሚ የለም አባቴ» አለች ነርሷ።

«ወላሂ፣ እኛው ራሳችን ተሸክመን አምጥተነዋል!»

ሸማኔ አንሶላውን ነከሰ። አቤት ማለት አይችልም። በጓሮ በር ሲያወጡት፣ የቅሬው ሰዎች ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ስሙን ይጠሩ ነበር።