ቀና ያሉት ትሎች

ጂን፣ መንፈስ፣ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ነበርኩ፣ ወላሂ፣ የሚፈሩትን ሰዎች አላግጥባቸው ነበር። ይህችን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

በ2006 ጥቅምት መጨረሻ፣ ሕገወጥ ለተባልነው የውጭ ሠራተኞች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ ሹርጣ፣ የሳዑዲ ፖሊስ፣ ጅዳን ሰፈር ለሰፈር በሚያስስበት ሰሞን፣ እኔና ሃያት የምትባል የደሴ ልጅ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የእርሻ ላብራቶሪ እንሠራ ነበር፣ የሁለታችንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በሌላ ከፊል፣ በሌላ አሠሪ ስም ነው፣ ከተያዝን ኸላስ፣ አለቀልን! ሥራችን የቲማቲም ትል ማርባት፣ አትሳቁ፣ የተባይ መድኃኒት የሚሞከረው በነሱ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት ቅጠል እንደልብ ከየት ይምጣ? ስለዚህ የባቄላ ዱቄት፣ እርሾና ቫይታሚን አንድ ላይ አበስልና፣ ሲረጋ በየኩባያው እሰጣቸዋለሁ። መጀመሪያ ይህን ሰው ሠራሽ ምግብ የበሉት ኮስሰው ይሞቱ ነበር፣ ሱዳናዊው ዶክተራችን እርሾውን ሲያስጨምረኝ ግን፣ እመኑኝ፣ ለማነጻጸሪያ ቅጠል የምናበላቸውን ጥቂቶቹን በውፍረት አስከነዷቸው! ሲያኝኩ ክፍሉ ዝናብ የሚያካፋበት ቆርቆሮ ይመስላል።

ያን ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ አካባቢ፣ ድስቴን ይዤ በፊት ለፊቱ በር ልወጣ ስል ድምፁ ቀጥ አለ። ዞር ብል፣ የኔን ምግብ የሚበሉት በሙሉ፣ ግማሽ አካላቸውን አንስተው ወደ በሩ አፍጥጠዋል። ጥግ ላይ ያሉት ጥቂት ቅጠል በሎች ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ይበላሉ።

«ሃያት፣ ነይ እዪ ጉድ!» አልኩ እየሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። «ሰይድ፣ በዚያ እንዳትወጣ! ያላ፣ በጓሮ!» ብላ እጄን ጎተተችኝ።

አጥሩን እንደዘለልን የሹርጣ መኪኖች ከፊት ለፊቱ በር ሲቆሙ ሰማን። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም! በአንድ የአገራችን ልጅ መኪና መካ፣ ነካሳ ሰፈር ገብተን ተደበቅን።

በማግስቱ ዶክተሩ ደወለ።

«ሰይድ፣ ምን አብልተሃቸው ነው? ያንተዎቹ ሁሉም ወደ ጓሮው በር ዞረው፣ ቀና እንዳሉ ደርቀዋል!»

«ወላሂ የሁልጊዜውን ነው» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ሃያትን «ወደ ፊት ለፊቱ በር አይደል እንዴ ያፈጠጡት? ሹርጣ መምጣቱን ነግረው አተረፉን ብዬ ነበር» አልኳት።

«የሹርጣን መኪና የሰማሁት እኔ ነኝ፣ እነሱ በሩን አልነበረም ያዩት» አለችኝ፣ «አንተን ነው። ወደ ጓሮ ስጎትትህ አብረውህ ዞሩ።»

«ከኔ ምን ፈልገው?»

ተነሥታ ወጣች። እስከዛሬ ደግሜ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።