አራተኛው ማስጠንቀቂያ

የገመዳ አስከሬን ሞጆ ካለው ቆዳ ፋብሪካ ሁለተኛ ጉድጓድ ሲወጣ ጓንቱ እንኳ ከእጁ አልወለቀም ነበር። ሊጠርግ ወርዶ እዚያው ታፍኖ ቀረ። በማግስቱ ኢንስፔክተር ፋኢዛ ከአዳማ ስትደርስ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ብዙነህ ጥፋተኛ አዘጋጅቶ፣ የእምነት ቃል በኮምፒውተር አስጽፎ ጉድጓዱ አጠገብ ባለው የፈረቃ ክፍል ጠበቃት።

«ደንቡ ግድግዳው ላይ አለ። አምና በገዛ እጄ ነው የለጠፍኩት» አለ። «የፈረቃ ኃላፊዋ አየለች አላስከበረችም። ትፈርምና ይለቅ!»

«አልፈርምም!» አለች አየለች። ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል፣ አንገቷ ግን አልተደፋም። «ከፈለጋችሁ እሰሩኝ። ያላየሁትን ወረቀት አየሁ አልልም። ገመዳ ወንድሜ ማለት ነው።»

«ምን የገደለው ይመስልዎታል?» አለች ፋኢዛ ወደ ብዙነህ ዞራ።

«እኔ ሐኪም ነኝ? ታፍኖ ይሆናል።»

የፋኢዛ ስልክ ጮኸ፤ አለቃዋ ነበር። «የሥራ አደጋ ነው፣ ሴትዮዋን ይዘሽ ነይ!»

«እሺ ጌታዬ፣ አንብቤ ስጨርስ» ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ፋኢዛ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት አዳማ ውስጥ መምህርት ነበረች። ጽሑፍ ስታገኝ ከሚለው ነገር በፊት እንዴት እንደተደራጀ የማየት አባዜዋ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ግድግዳው ላይ አራት ወረቀቶች ነበሩ። ደጋግማ አነበበቻቸውና ኬሚስቱን ቀልቤሳን አስጠራችው።

«ሦስቱን እኔ ጻፍኳቸው። አራተኛውን ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አለ።

«ወደዚህ ጉድጓድ አሲድ ይገባል?»

«በፍጹም! ጉድጓዱ ውስጥ የቆዳውን ፀጉር የምናራግፍበት ኬሚካል፣ ሰልፋይድ አለ፤ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። የአሲዱ ጋን ያለው ግቢው ጥግ ነው፣ እዚህ የሚደርስ መስመር የለውም።»

ወዲያው ከጉድጓዱ የተቀዳው ናሙና የተላከለት ላቦራቶሪ ደወለ። ፋኢዛ ለብቻዋ ፈቀቅ ብላ አዳመጠችና ሁሉንም ግድግዳው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሦስቱ ወረቀቶች አካሄዳቸው አንድ ነው» አለች። «መጀመሪያ ማራገቢያውን ክፈት፣ ቀጥሎ ጋዙን ለካ፣ ከዚያ ገመድ ታጥቀህ ውረድ። ለሠራተኛ የተጻፈ መመሪያ የሥራውን ቅደም ተከተል ይከተላል። አቶ ብዙነህ፣ አራተኛውን ያንብቡልን።»

ብዙነህ እየተነጫነጨ አነበበ፤ «የአሲድ ፍሳሽ በቱቦ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ሲገባ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። በዚህም የተነሳ ሠራተኛ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ ተጠያቂው የፈረቃ ኃላፊው ነው።»

«ገመዳ ይህን ቢያነብ ምን ያደርግ ነበር? አንድም አድርግ፣ አታድርግ የለበትም። መጀመሪያ ምክንያት፣ ቀጥሎ ውጤት፣ መጨረሻ ላይ ፍርድ። እኛ ፖሊሶች እንዲህ አድርገን የምንጽፈው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።»

«ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሁሉ ይጽፈዋል!»

«ኬሚስትሪ የሚያውቅማ አሲድ የትኛውም ጉድጓድ አይግባ ይላል። ይኼኛው ጉድጓዱን ለይቶ፣ በሌለ ቱቦ ያመጣዋል። አሲድ መግባቱን ላቦራቶሪው አሁን ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ቱቦውን ሊያውቅ የሚችለው ዘርግቶ የሰበሰበው ሰው ነው። ወረቀቱን ደግሞ በገዛ እጄ ለጠፍኩት ብለውኛል።»

ብዙነህ ላብ አጠመቀው። «ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነበር… የአሲዱ ጋን ሞልቶ… ቶሎ ማፍሰስ ነበረብኝ… ሰው መኖሩን አላወቅሁም!»

«ያውቁ ነበር!» አየለች ፊቱ ቆመች። «ገመዳ ሊወርድ ነው ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነግሬዎታለሁ። ቶሎ ይጨርስ ነው ያሉኝ። እስኪወጣ መጠበቅ ከበደዎት?»

ከፋኢዛ ጋር የመጡት ፖሊሶች ብዙነህን ይዘው ሲወጡ ፋኢዛ አራተኛውን ወረቀት ለማስረጃ ላጠችው፤ ግድግዳው ላይ ባዶ ቦታ ቀረ።

አየለች ያልፈረመችውን የእምነት ቃል ከጠረጴዛው አነሳች፣ ገለበጠችውና በጀርባው በትልልቁ ጻፈች፤ «መጀመሪያ፣ ቱቦ መኖር አለመኖሩን እይ። ቀጥሎ፣ ከላይ ጠባቂ አቁም። ይህ ካልተሟላ አልወርድም በል።»

«እትዬ አየለች፣ ይህን ማን ፈቀደ ቢሉሽስ?» አላት ቀልቤሳ በፍርሃት።

«እኔ!» አለችና ከሥሩ ስሟን ጽፋ ፈረመችበት።