ማን ይቅደም

ሐዋ ማሒርን መጀመሪያ ያወቀችው ከወንበር ስታስነሳው ነው። የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በሕመምተኛ ተጨናንቆ ሳለ፣ አንድ ወጣት ጤነኛ መስሎ ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጠ አየችና፣ «ወንድሜ፣ ካልታመምክ ለታመመ ልቀቅ» አለችው። አፍሮ ተነሣ። በዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ እንደሚያስተምር፣ እዚያ የዋለውም ማን ቶሎ እንደሚታከም፣ ማን ደግሞ ሲጠብቅ እንደሚውል ሊያጠና መሆኑን የነገራት በኋላ ነው።

«ከገጠር የሚመጡት ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚዘገዩት?» ብሎ ጠየቃት አንድ ቀን።

ሐዋ ነርስ ትሁን እንጂ የገጠሯ ሶፊ ገበሬ ልጅ ናት።

«አክስቴ ምጥ ሲጠናባት፣ “እዚያ ሄጄ ከሚጮኹብኝ እዚሁ ልሙት” አለች» አለችው። «ሞተችም። መንገዱ ስለራቀ ብቻ አይደለም። አንዴ ሄዳ ቋንቋዋን የሚሰማት አጥታ ተመልሳ ነበር።»

ማሒር ብዕሩን አስቀመጠ። አያት፤ እሷም ዐይኗን ከዐይኑ አልነቀለችም። ከዚያ ወዲህ ለጥናቱ ነው የሚመጣው ማለትን ሁለቱም ተዉት።

ችግሩ የማሒር እናት ነበሩ። ሐጃ ፈቲያ ለአንድ ወንድ ልጃቸው የሚመኙት ከጀጎል ግንብ ውስጥ ያደገች፣ ዘር ማንዘሯ የታወቀ ሙሽራ ነው። «ከዒድ በኋላ እነግራታለሁ» ይላል ማሒር። ዒድ መጥቶ ሄደ፤ አልነገራቸውም። ሐዋም መጠየቁን ትታ ነበር።

በዚህ መሐል ነው ያ ቀን የመጣው።

ከዐስር ሶላት በኋላ ከድሬ ጠያራ ገጠር አንዲት ወላድ በቃሬዛ ደረሰች። ስሟ ጀናት ነው። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ማሕፀኗ ሳይቀደድ አልቀረም። ሐዋ ሐኪሙን እያስጠራች ሳለ አንድ መኪና በሩ ላይ ጥሩንባውን እየነፋ ቆመ።

«ሐዋ!» ማሒር ነበር፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «እናቴ ናት። ሆዷን... እባክሽ!»

የሐጃ ፈቲያ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ዶክተር ቢኒያም ሁለቱንም በጥድፊያ መረመረ። «የሐጃ አንጀት ተጠማዝዟል፤ ይቺ ደግሞ ደሟ እያለቀ ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው አንድ ብቻ ነው። የባሰባትን ቀድመሽ አምጪልኝ» ብሎ እጁን ሊታጠብ ገባ።

ሐዋ የጀናትን አልጋ ያዘች። ከመግፋቷ በፊት የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ስልክ ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ደረሰ። ከኋላው የማሒር አጎት፣ ሐጂ ዐብዱልሐኪም ይከተላሉ።

«የሐጂ እህት ይቅደሙ» አለ አስተዳዳሪው ፊቷን ሳያይ። «ከላይ ነው የታዘዝኩት።»

«የባሰባት ይቺ ናት።»

«ከላይ ነው አልኩሽ እኮ!»

የጀናት ባል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አማርኛ አይሰማም፤ ግን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየ ሁሉንም ተረድቷል። በኦሮምኛ፣ «ልትሞትብኝ ነው?» ብሎ ሐዋን ጠየቃት።

«ማሒር፣ ምን ይገትርሃል? የእናትህን አልጋ ግፋ!» አሉ ሐጂ።

ማሒር አልጋውን ጨበጠ። የጣቶቹ አንጓ ነጣ። ሐዋ አየችው። ቢገፋ አልፈርድበትም፣ እናቱ ናት፤ ግን ከእንግዲህ ዐይኑን ማየት አልችልም አለች በልቧ። ሐጃ ፈቲያ አቃሰቱ።

«አጎቴ» አለ ማሒር፣ እጁን ከአልጋው እያነሣ። «ያስደወሉትን ስልክ ይተዉት።»

«አብደሃል?»

«የሚደወልለት ሰው ባይኖረን ኖሮ ተራው የማን ነበር?» ከዚያ ወደ ሐዋ ዞረ። «ግፊ!» አላት።

ገፋች።

ጀናት ተረፈች፤ ልጇ ግን አልተረፈም። ሐጃ ፈቲያ ቀጥለው ገቡ። ዶክተር ቢኒያም ሲወጣ እውነቱን አልደበቀም። «ይተርፋሉ። ግን ቀድመው ገብተው ቢሆን ይህን ያህል አንጀት አንቆርጥም ነበር።»

ማሒር ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ሐዋ ልትጠጋው ስትል እጁን አነሣ።

«አሁን አይሆንም፣ ሐዋ። ልክ ነበርሽ። ግን አሁን አይሆንም።»

በሳምንቱ አስተዳዳሪው ሐዋን ከትእዛዝ ወጥተሻል ብሎ ወደ ካርድ ክፍል አዛወራት። ማሒር ለእናቱ ምግብ ይዞ በመስኮቷ ሥር ያልፋል፤ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ትጠራው ይሆን? ወደ ካርዶቿ ታቀረቅራለች። ሐጃ ድነው ቤታቸው ሲገቡም እንኳ አላናገራት።

አንድ ቀን እህቱ አፍራ በመስኮቱ ብቅ አለች። «እናቴ ትፈልግሻለች» ብቻ ብላ ሄደች።

ሐዋ የጀጎልን ጠባብ መንገድ ወረደች። ሐጃ ፈቲያ ከስተው፣ ከፍ ባለው መደብ ላይ በትራስ ተደግፈዋል። ማሒር አጠገባቸው ቆሟል። እሷ ጫማዋን አውልቃ ከሁሉ ዝቅ ባለው፣ በሩ ሥር ባለው ቦታ ተቀመጠች።

«ያቺ ሴት ተረፈች?» አሉ ሐጃ።

«ተርፋለች።»

«ልጇስ?»

«አልተረፈም።»

«ኢንና ሊላህ...» ብለው ለሕፃኑ አዘኑ። ትራሳቸው ላይ ተደላድለው፣ «ያን ቀን ሁሉንም እሰማ ነበር» አሉ። «ማን ይቅደም ብለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ እኔ እልሽ ነበር። ዋሽቼ ደግ አልባልም።»

«እኔም በርስዎ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።»

«ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ቁስሌ ሲጠዘጥዘኝ እረግምሻለሁ። ሲተወኝ ደግሞ አስባለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ሐኪም ቤት ስሄድ ተራ ጠብቄ አላውቅም። በኔ ምክንያት ማን ውጭ እንደቀረ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።» ትንፋሽ አጥሯቸው አረፉ። «ይሄ ልጅ ደግሞ እህል አልቀምስ ብሏል። ትወጂዋለሽ?»

ሐዋ ማሒርን አየችው። ዐይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ግን ዛሬ አንገቱን አልደፋም።

«እወደዋለሁ፣ ሐጃ። ግን ነገም ቢሆን፣ ርስዎም ቢሆኑ፣ የባሰበትን ነው የማስቀድመው።»

ሐጂ ዐብዱልሐኪም ይህን ቢሰሙ ቤቱን ጥለው በወጡ ነበር። ሐጃ ፈቲያ ግን ሳቅ አመለጣቸው፤ ቁስሉ ወጋቸውና ሆዳቸውን ያዙ። እንባቸው ከሳቁ ይሁን ከሕመሙ አልታወቀም።

«ታዲያ እዚያ በሩ ሥር ምን ያደርግልሻል? ያ የእንግዳ ቦታ ነው» አሉ፤ ከጎናቸው ያለውን ምንጣፍ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ወደ ላይ ውጪ፣ ልጄ።»

ማሒር እጁን ዘረጋላት።