ቢጫ ትሆናለች ያልከኝ ጽጌረዳ

ማሩን መጀመሪያ ያየሁት አጥራችን ላይ ባለችው ጽጌረዳ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ነው። ሌባ መስሎኝ ጮህኩበት።

«አንተ! አበባ ልትሰርቅ ነው?»

ደንግጦ ቀና ሲል አፍንጫው ላይ ቢጫ ብናኝ ተለጥፎበታል። ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት።

«ኧረ እህቴ... ሽታዋን ብዬ ነው። ይቺ ጥቁር ቀይዋ የምትሸተው ጠዋት ጠዋት ነው። ፀሐይ ከበረታ ምንም የለም።»

እዚያ አጥር ሥር ነው ያደግኩት፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

ጊዜው 1977 ነው። እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እሱ ደግሞ እርሻ ተምሮ ወደ እኛ አገር የተመደበ የጎጃም ልጅ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት በእኛ አጥር በኩል ማለፍ ጀመረ። እኔም ጠዋት ጠዋት አጥር ሥር መጥረግ ጀመርኩ። ለወትሮው መጥረጊያ ያዢ ስባል የምሸሽ እኔ!

ጽጌረዳ መለየት ያስተማረኝ እሱ ነው። ቀይዋ በአንድ ዘንግ አንድ አበባ ብቻ ታወጣለች። ሮዟ በዘለላ ታብባለች፤ ሽታ ባይኖራትም ቶሎ አትረግፍም። በየገደሉ የሚበቅለው ቀጋም ጽጌረዳ ነው ሲለኝ ግን ሳቅኩበት።

«ቀጋማ እሾህ ነው!»

«አምስት ቅጠል ያለውን ነጭ አበባውን ጠጋ ብለሽ አይተሽው ታውቂያለሽ ጥሩዬ? ቀጋ ውርጩን ይችላል። ሌላ ጽጌረዳ ብታጣብቂበትም ሥሩን ይሰጣታል።»

አንድ ቀን ከድሮው ገዥ ግቢ አንዲት ዘንግ ለምኖ መጣ። አበባዋ ቢጫ ሆና ጫፍ ጫፏ ሮዝ ነው። «ስሟ ሰላም ነው» አለኝ። ከዘንጓ ላይ አንዲት ዓይን፣ ቅርንጫፍ የምትወጣበትን እምቡጥ፣ ላጥ አድርጎ፣ ቀደም ብሎ በራችን ጎን በተከለው ቀጋ ቅርፊት ውስጥ ሸጎጣትና በክር አሰራት።

«ስታብብ ልክ እንዲህ ትሆናለች። ያኔ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ካላበበችስ?»

«ታብባለች!»

በወሩ ለሰፈራ ሥራ ወደ መተከል ላኩት። ሁለት ደብዳቤ ደረሰኝ። ከዚያ ዝም...

ተክሏን እንደ ልጅ ያዝኳት። ሁለት ቅርንጫፍ አወጣች፤ አንዷ ቀጫጫ፣ ሌላዋ ወፍራም። ቀጫጫዋ የወፍራሟን ጉልበት እንዳትሻማ ብዬ በቢላ ቆርጬ ጣልኳት።

መስከረም 1979 አበባ ወጣ። ነጭ! አምስት ቅጠል ብቻ! ቀጋ!

እናቴ ወይዘሮ ውዴ አየችውና «የገደል እሾህ ተክሎልሽ ነው የሄደው?» አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም አመንኩ። ሲያሾፍብኝ ኖሯል አልኩ።

በዚያው ሰሞን እሸቴ የሚባል የሐሙሲት ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። እናቴ የሁለት ወር ቀጠሮ ሰጠቻቸው። እኔም ከነጩ አበባ አንዱን ደብዳቤ ውስጥ ከትቼ ለማሩ ላክሁ። «ያልከኝ አበባ ይኸውልህ። ሌላ ላገባ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ማሩ መጣ። ወባ ጨርሶታል፤ ኮቱ ሰፍቶታል። እናቴን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና በቀጥታ ተክሏ ሥር ተንበረከከ። ጎረቤቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

እኔም ከጀርባው ቆሜ አየሁ። እሱ ያሰረው ክር ገና እዚያው አለ። ክሩ ከታሰረበት ቦታ የወጣችው ቀጫጫዋ ነበረች፤ የቢላዬ ቁራጭ ጉቶዋ ላይ በግልጽ ይታያል። ወፍራሟ የበቀለችው ከታች፣ ከቀጋው ሥር ነው።

ማሩ ጉቶውን በጣቱ ዳሰሰ። ቀና ብሎ አየኝ። ገብቶታል።

«እህ? ምን አገኘህ?» አለች እናቴ።

«ውርጭ ገድሏት ነው እማማ። በደንብ ሳላስራት ሄጄ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዋሸ። እኔ በሰው ፊት እንዳላፍር ብሎ፣ ስድቡን ሁሉ ለራሱ ወስዶ ዋሸ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። አልቻልኩም።

«አይደለም እማዬ! ቆርጬ የጣልኳት እኔ ነኝ! የእሱን ጥዬ ቀጋውን ያሳደግኩ እኔ ነኝ!»

«ለምን ተናገርሽ?» አለኝ ማሩ ቀስ ብሎ።

«አንተስ ለምን ዋሸህ?»

«አንቺ ስታፍሪ ማየት አልወድም።»

አለቀስኩ። እያለቀስኩም «እሸቴን አላገባም» አልኩ።

እናቴ እሱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ልጄን ለወባ ልትሰጣት ነው?»

«አይደለም እማማ። ስለታመምኩ እዚሁ ደጋው ላይ ወደ ገሳይ ተዛውሬያለሁ።»

«ሽማግሌህስ?»

«ዘመዶቼ ጎጃም ናቸው። እስኪመጡ ድረስ...»

«እስኪመጡማ ሌላ ነጋዴ ይመጣል!» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ለእሸቴ ሰዎች እንደማይሆን በክብር ነገረች። እሑድ ደግሞ ራሷ ዞራ የለመነቻቸው ሦስት የሠፈር ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ።

«ውዴ፣ ልጅሽን ለልጃችን ለማሩ ብለን መጥተናል» አሉ።

እናቴ አይታቸው የማታውቅ መስላ ራሷን ነቀነቀች።

«ድንገት ሆነብኝ እኮ... እስቲ ላስብበት። የሁለት ወር ቀጠሮ ልስጣችሁ።»

እኔ ከጓዳ ሆኜ፣ ወጉንም ይሉኝታውንም ረስቼ «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው።

«በሉ ግቡ» አለች። «ልጂቱ መልሳለች።»